ነፋስ የሚያስገባ ቤትን በጥቂት ብር ማሞቅ፦ ከበሩ ሥር እስከ ኮርኒሱ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። ቤቱ ሲበርደው መጀመሪያ የሚፈልገው እሳት ነው። ከሰል ያስገባል፣ ወይም ማሞቂያ ይገዛል። ክፍሉ ለግማሽ ሰዓት ሞቅ ይላል። እሳቱ ሲጠፋ ተመልሶ ያው ነው። ሙቁ አየር በኮርኒሱ ወጥቷል፤ በቦታው ቀዝቃዛው በበሩ ሥር ገብቷል።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ነፋሱን ዝጉ። ቀጥሎ ላዩንና ወለሉን አልብሱ። ከዚያ አልጋውን። የሚገርመው እኛ በታክሲ ውስጥ መስኮት ተከፈተ ብለን የምንጣላ ሰዎች ነን። ቤታችን ግን በበሩ ሥር ድመት ያሳልፋል።

ማስጠንቀቂያ፣ ሥራ ሳትጀምሩ

በዘጋችሁት ክፍል ውስጥ ከሰል ይዛችሁ አትደሩ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም አትመኑት። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እስካሁን ከሰል አስገብታችሁ ምንም ያልሆናችሁት ምናልባት ቤታችሁ ወንፊት ስለሆነ ነው። ይህን መመሪያ ስትጨርሱ ወንፊት አይሆንም። ዝርዝሩን ደረጃ 9 ላይ ታገኙታላችሁ።

ዝግጅት

መቼ ይሠራ?

የጭቃ ሥራ ካለባችሁ ጥቅምት ላይ ጨርሱት። ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐይ አለ፣ ጭቃው በደንብ ይደርቃል። የቀረው ሁሉ በማንኛውም ቅዳሜና እሁድ ይሆናል።

በርና መስኮት ግን በሐምሌ አታስልጉ። ይህን በራሴ ኪሳራ ነው የተማርኩት። ክረምት ላይ የእንጨት በሬ አብጦ አልዘጋ አለኝ። አናጺ ጠርቼ ጠርዙን አስላግኩት። ኅዳር ሲገባ እንጨቱ ደረቀና ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በደረቅ አየር ይሰበሰባል። ልኩን የምታውቁት በደረቁ ወራት ነው።

የትኛው ክፍል?

ቤቱን በሙሉ ለማሞቅ አትነሱ። አንድ ክፍል ምረጡ፦ የምትተኙበትን። ሁለት ክፍል ካለና አንዱ ለፀሐይ ቅርብ ከሆነ አልጋውን ወደዚያ ውሰዱት። ጀርባችሁን ለእንጦጦ ስጡ፤ ፊታችሁ ደቡብ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የቀትር ፀሐይ ወደዚያ አዘንብላ ስለምትሄድ፣ በደቡብ በኩል መስኮት ያለው ክፍል ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል። በምዕራብ በኩል ያለውም የከሰዓቱን ፀሐይ ስለሚያገኝ መጥፎ አይደለም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ሰንደል
- የተጣለ የመኪና ከመነዳሪ፤ ጎሚስታ ቤት ጠይቁ፣ ሊጠገን የማይችለውን በትንሽ ብር ይሰጧችኋል
- ሠላሳ ያህል ቆርኪ፤ ሰፈራችሁ ያለው ግሮሰሪ በነፃ ይሰጣችኋል
- ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ምስማር፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ስለት ያለው ቢላ
- የስፖንጅ ትርፍራፊ፤ ሶፋ ሠሪዎች ጋር አይጠፋም
- ትንሽ ጣሳ ማስቲሽ
- ብርሃን የሚያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ፣ በሜትር የሚሸጠው
- የታጠቡ ማዳበሪያዎች
- ትልልቅ ካርቶኖች፤ የፍሪጅና የቴሌቪዥን ካርቶን በጣም ጥሩ ነው
- ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ

ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ግማሹን ታገኛላችሁ። ግን ከመውጣታችሁ በፊት ለኩ። ሳይለካ የተገዛ ላስቲክ ሁልጊዜ በአንድ ስንዝር ያጥራል።

ተከራይ ከሆናችሁ ምስማር ከመምታታችሁ በፊት አከራያችሁን አናግሩ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግድግዳ ማፍረስም ሆነ ቆርቆሮ መቀየር ወረዳውን ሳይጠይቁ የሚነካ ነገር አይደለም። እዚህ ከተጻፈው ውስጥ ግን እዚያ የሚያደርስ ሥራ የለም።

ደረጃ 1፦ ነፋሱን ፈልጉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከዚያ ያልሆነውን ቀዳዳ ሲደፍን ይውላል።

1. ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ውጭው ሲቀዘቅዝ ጀምሩ። ቀን ላይ አይታይም።
2. በርና መስኮት ዝጉ። መጋረጃውን ወደ ጎን ሰብስባችሁ እሰሩት።
3. ሰንደል አቀጣጥሉና ነበልባሉን አጥፉት። ጭሱ ቀጥ ብሎ እስኪወጣ ቆማችሁ ጠብቁ።
4. ከበሩ ሥር ጀምሩ። ሰንደሉን ከመሬት በሁለት ጣት ከፍታ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ጭሱ ወደ ቤት ውስጥ ከተገፋ ነፋስ የሚገባው በዚያ ነው።
5. ወደ ላይ ውጡ። ግድግዳው ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበትን ዙሩ። እዚያ ጭሱ ወደ ቀዳዳው ከተሳበ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ነው።
6. በእያንዳንዱ ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በወጣው ልክ ቀዝቃዛው ከታች ይተካል። ከታች ያለውን ብቻ ዘግታችሁ የላዩን ብትተዉ ግማሽ ሥራ ነው።

ካልሠራ፦ ጭሱ በየቦታው የሚወዛወዝ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አለ ማለት ነው። ልጆቹን አስቀምጡና አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙት።

ደረጃ 2፦ የበሩ ሥር

ጊዜ ያላችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ ከሆነ ይህን ሥሩ።

1. በሩን ዝጉና ከሥሩ እስከ ወለሉ ያለውን ክፍተት ለኩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ግራ፣ መሐልና ቀኝ። የድሮ ቤት ወለል ቀጥ ብሎ አያውቅም።
2. ከመነዳሪውን በሳሙና እጠቡና አድርቁት። ዘይት ካለው ምንጣፋችሁን ያበላሻል።
3. የበሩን ስፋት ያህል ርዝመትና 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አውጡ። ቢላውን ውሃ እያስነካችሁ ቁረጡት፤ ጎማ በደረቅ ቢላ ይንቀረፈፋል።
4. በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ጎማውን በውስጥ በኩል አድርጉት። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ በውጭ በኩል። ካልሆነ ጎማው በደፉ ይያዛል።
5. የጎማው ጠርዝ ወለሉን በጭንቅ እንዲነካ አድርጋችሁ ያዙት። ተጭኖ መታጠፍ የለበትም።
6. ምስማሩን መጀመሪያ በቆርኪው መሐል አሳልፉት። ከዚያ ቆርኪውን በጎማው ላይ አድርጋችሁ ምቱ። ቆርኪው ጎማው እንዳይቀደድ ይይዘዋል። በየአንድ ስንዝሩ አንድ።
7. ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ጎንና ጎን ሂዱ። ከዳር ከጀመራችሁ ጎማው ይጨማደዳል።

የላሜራ በር ምስማር አይገባውም። ቦታውን በአሸዋ ወረቀት ፈትጉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በማስቲሽ አጣብቁ። ማስቲሹን በሁለቱም በኩል ቀቡና እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቃችሁ ግጠሙት። ሰው የሚሳሳተው እርጥቡን ስለሚገጥም ነው። ይህን ስትሠሩ በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ አጠገባችሁ እሳት አይኑር። ሽታው ራስ ያዞራል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል።

ካልሠራ፦

- በሩ ሲከፈት ጎማው ወለሉን እየፋቀ ከጮኸ ረዝሟል። ጠርዙን በግማሽ ሳንቲ ሜትር ቀንሱት።
- ወለሉ በመሐል ጎድጎድ ብሎ እዚያ ብቻ ነፋስ ከገባ፣ የአሮጌ ሱሪ እግር በአሸዋና በቁርጥራጭ ጨርቅ ሙሉና ሰፍታችሁ ማታ ማታ ከበሩ ሥር አስተኙት። ንጹሕ ጨርቅ ብቻ አትሙሉት፤ ቀላል ስለሚሆን ነፋሱ ይገፋዋል።
- ዝናብ ሲዘንብ በዚያ በኩል ውሃ የሚገባ ከሆነ ጎማው ውሃውን አያቆመውም። ውጭ ደፍ አሠሩ።

ደረጃ 3፦ የበሩና የመስኮቱ ጠርዝ

ስፖንጁን አንድ ጣት ስፋት እያደረጋችሁ ቁረጡ። በሩ ሲዘጋ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ አጣብቁት፤ በሩ ላይ ሳይሆን መቃኑ ላይ። ውፍረቱ ከክፍተቱ በጥቂት ብቻ ይብለጥ። ሰው ወፍራም ሲሆን የተሻለ ይመስለዋል። ከዚያ በሩ አልቆለፍ ይላል፣ ሰው በትከሻው ይገፋዋል፣ በሳምንቱ ማጠፊያው ይነቀላል።

ስፖንጅ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይፈረፈራል። በየዓመቱ ቀይሩት።

ደረጃ 4፦ መስኮት

የተሰነጠቀ መስታወት ካለ መጀመሪያ እሱን አስቀይሩ። ገንዘቡ ለጊዜው ከሌለ በካርቶን ሳይሆን በላስቲክ ሸፍኑት፤ ብርሃኑ አይቅርባችሁ።

የብረት መስኮት ራሱን የቻለ ችግር ነው። ብረቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ወደ ውጭ ያሾልካል። ጠዋት ላብ አልቦት ታገኙታላችሁ። መፍትሔው ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ሽፋን ማድረግ ነው።

1. ላስቲኩን ከመስኮቱ በአራቱም ጎን አንድ ስንዝር አስበልጣችሁ ቁረጡ።
2. የመስኮቱን ዙሪያ ከአቧራ ጥረጉ። አቧራ ላይ ፕላስተር አይይዝም።
3. ከላይ ጀምራችሁ በቀጫጭን ጣውላና በምስማር ያዙት፤ ግድግዳው ሲሚንቶ ከሆነ በሰፊ ፕላስተር።
4. በላስቲኩና በመስታወቱ መሐል ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። የሚያሞቃችሁ በመሐል የታሰረው አየር ነው። ላስቲኩ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ምንም አልሠራችሁም።
5. ታቹን በደንብ ወጥሩና ጨርሱ።

አንድ መስኮት ግን በፍጹም አትሸፍኑ። የሚከፈት ይሁን። ለአየርም፣ ለእሳት አደጋም፣ ለቡናም ያስፈልጋችኋል። የፀጥታ ብረት ካለው ደግሞ በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንደሚከፈት አረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ ግድግዳ

የብሎኬት ቤት ከሆነ ስንጥቁን በሲሚንቶና በአሸዋ ልሰኑት፤ ሌላ የምለው የለኝም። የጭቃ ቤት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። ጠዋት አቡክቶ ከሰዓት ይመርጋል፣ በሳምንቱ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል።

ጭቃውን ማዘጋጀት

1. አፈሩን ንፉት። ድንጋይና ሥር አውጡ።
2. ጭዱን ጣት እያከለ ቆርጣችሁ አሳጥሩት። ረጅም ጭድ ለአዲስ ግድግዳ ነው፤ ለስንጥቅ አይሆንም።
3. እኔ ለሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ ጠቅጠቅ ያለ ጭድ አደርጋለሁ።
4. ውሃ ጨምራችሁ በእግር ርገጡት። በማዳበሪያ ሸፍኑና አሳድሩት።
5. ሦስት አራት ቀን በየቀኑ ርገጡት፣ ሲደርቅ ውሃ ጨምሩ። መሽተት ሲጀምር አትደንግጡ። ጭዱ እየተብላላ ነው፤ ጭቃው የሚያያዘው በዚህ ነው።
6. ፈትኑት። ብርቱካን የምታክል ድቡልቡል ሠርታችሁ ከደረታችሁ ከፍታ ጣሉት። ከተዘረጠጠ ውሃው በዝቷል። ከተበታተነ ደርቋል። ቅርጹን ይዞ ትንሽ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል።

መመረግ

1. ስንጥቁን በቢላ አስፉት። የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ አውልቁ። ማገሩ ከታየ የበሰበሰ መሆኑን በጣታችሁ ተጫኑና እዩ።
2. ውስጡን በውሃ አርጥቡት። ደረቅ ግድግዳ ከአዲሱ ጭቃ ውስጥ ውሃውን ይመጠዋል፤ ከዚያ አይያያዝም።
3. ጭቃውን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ጠቅጥቁ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጣት ውፍረት አትለፉ።
4. ላዩን በቢላ ጫር ጫር አድርጉና ሁለት ቀን ተዉት።
5. ሁለተኛውን ደርቡ። በእርጥብ እጅ አለስልሱ።

ካልሠራ፦ ሲደርቅ ቀጫጭን ስንጥቅ ካወጣ ጭዱ አንሷል ወይም ውሃው በዝቷል። አታፍርሱት። ቀጠን ያለ ጭቃ በጨርቅ አሹበት። እንዳለ ተገንጥሎ ከወደቀ ግን ሳታረጥቡ ነው የመረጋችሁት፤ ከተራ ቁጥር 1 እንደገና።

የአይጥ ቀዳዳ በጭቃ ብቻ አይደፈንም። በማግስቱ ይከፈታል። መጀመሪያ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቁበት፣ ከዚያ ምረጉ።

ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍ የድሮ ዘዴ ነው፤ ነፋስም ይቀንሳል። ግን ጠርዙ ከተላቀቀ ከኋላው ትኋን ይሰፍራል። እኔ አልለጥፍም።

ደረጃ 6፦ ኮርኒስና ቆርቆሮ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ።

የታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደመና ስለሌለ ቆርቆሮው ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ከውጭው አየር ራሱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የእናንተ ትንፋሽ ወደ ላይ ወጥቶ ሲነካው ውሃ ይሆናል። ቆርቆሮው ያልባል።

አንድ ዓመት ይህን ሳላውቅ በቆርቆሮው ሥር ላስቲክ ወጥሬ በሁሉም ጎን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። በጣም ኮራሁ። በሦስተኛው ሌሊት ላስቲኩ በመሐል ሆድ አውጥቶ ነቃሁ። ውሃ ነበር። ዝናብ ሳይዘንብ አልጋዬ ላይ ዘነበ።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ የምትዘጉት በኮርኒሱ ከፍታ ነው፤ በቆርቆሮው ከፍታ አይደለም። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነፋስ ይለፍበት፣ ይድረቅ። ከኮርኒሱ በታች ምንም አይለፍ።

ኮርኒስ ካለ

1. ግድግዳውና ኮርኒሱ የሚገናኙበትን መስመር ዙሩ። ቀዳዳውን በተጠቀለለ ማዳበሪያ ጠቅጥቁ፣ በላዩ ላይ ቀጭን ጣውላ ምቱበት።
2. የተቀደደ አቡጀዲ ካለ ጣፉት። የተነቀለ ቺፕውድ ካለ መልሳችሁ ምቱት።
3. ከኮርኒሱ በላይ መድረስ ከቻላችሁ ካርቶን በሁለት ድርብ አንጥፉ። በመብራት ገመድና በአምፖል ዙሪያ ግን አንድ ክንድ ያህል ባዶ ተዉ። ገመዱ የተላጠ ወይም በፕላስተር የተቀጠለ ከሆነ ካርቶኑን ተዉትና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

ኮርኒስ ከሌለ

1. ማዳበሪያዎቹን በጎናቸው ቅደዱና እያያያዛችሁ ስፉ። የክፍሉን ስፋት በአራቱም ጎን አንድ ስንዝር አስበልጡ።
2. ከወራጆቹ ሥር ወጥሩት። ከመሐል ጀምሩ፤ በየሁለት ስንዝሩ በቆርኪና በምስማር ያዙ። ብቻችሁን አትሞክሩት፤ አንድ ሰው ይወጥር፣ አንድ ሰው ይምታ።
3. ጠርዙን ወደ ግድግዳው አጥፋችሁ በጣውላ ያዙት።

ማዳበሪያ ተሸምኖ የተሠራ ስለሆነ ትንሽ እርጥበት ያሳልፋል። ላስቲክ አያሳልፍም። ልዩነቱ ይኸው ነው። ከእሳት ግን ይራቅ፤ ሻማ ከሥሩ አይበራም።

ካልሠራ፦ ከሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ቦታ ካያችሁ፣ ከላይ አየር የለም። በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች በኩል የቆርቆሮውን ሞገድ የደፈነ ነገር ካለ አውጡ። የሻጋታ ሽታ ካለ ቀን ላይ በርና መስኮት ለሁለት ሰዓት ክፈቱ። ብርዱ የማታ ነው እንጂ የቀን አይደለም።

ደረጃ 7፦ ወለል

ሊሾ ከሆነ ካርቶን አንጥፉና በላዩ ላይ ምንጣፍ አድርጉ። ካርቶኑ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። ክረምት ሲመጣ እርጥበት ከሥር ስለሚይዝ ሰኔ ላይ አንሡት።

ፒያሳ አካባቢ እንዳሉት የድሮ ቤቶች ጣውላ ወለል ከሆነ ነፋሱ በጣውላዎቹ መሐል ነው የሚመጣው። ሰንደሉ ያሳያችኋል። ቀጭን ገመድ ወይም የተገመደ ጨርቅ በቢላ ጀርባ ወደ ክፍተቱ ጠቅጥቁ። ከቤቱ ሥር በውጭ በኩል ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ግን አትድፈኑ። ጣውላው እንዳይበሰብስ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ፀሐይ፣ መጋረጃና አልጋ

ከዚህ በኋላ ያለው ግንባታ ሳይሆን ልማድ ነው።

1. ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ፀሐይ ወለሉንና ግድግዳውን ትምታው። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይመልሳል።
2. ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አውጡ። ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ አስገቡ። ሰው እስከ 12 ሰዓት ይተወዋል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ጤዛ ይዞ ይገባል።
3. 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃውን ዝጉ። ክፍሉ እስኪቀዘቅዝ አትጠብቁ። መጋረጃው ወለሉን ይንካ። ስስ ከሆነ ከኋላው አሮጌ ብርድ ልብስ ስፉበት።

አልጋ ላይ የሰው ስህተት አንድ ነው፦ ከላይ ሦስት ድርብ ይለብሳል፣ ከሥር ምንም የለም። ስፖንጅ ፍራሽ በሰውነት ክብደት ሲጨፈለቅ ብርዱን አያቆምም። ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከፍራሹ ሥር ካርቶን፣ ከፍራሹ በላይ ከአንሶላው ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ አድርጉ። ጋቢውን ከላይ አትጣሉት፤ ከሰውነት ጋር ይሁን። ብርድ ልብሱ ከእሱ በላይ። ቡልኮ ካላችሁ እሱ መጨረሻ ላይ ይደረባል። አልጋው ከውጭ ግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ሙቅ ውሃ አልጋ ውስጥ ማስገባት ጥሩ ነው። ሃይላንድ ግን አይሆንም፤ ፈላ ያለ ውሃ ሲገባበት ይኮማተርና ክዳኑ ያፈስሳል። ከፋርማሲ የጎማውን ከረጢት ግዙ። ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሙሉ፣ አየሩን ጭመቁና አውጡ፣ ዝጉ፣ ገልብጣችሁ ፈትኑ፣ በፎጣ ጠቅልሉ። ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት እግር በሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡት። ለሕፃናት፣ ለአቅመ ደካማ አዛውንት ወይም ስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ ለደነዘዘ ሰው ከመተኛቱ በፊት አውጡት። ሳይታወቃቸው ሊያቃጥላቸው ይችላል።

ደረጃ 9፦ ቡና፣ ከሰልና ማሞቂያ

ቡና አይቀርም፤ ማንም ይቅር አይልም። ግን ቤቱ ተዘግቷልና አሠራሩ ይቀየር።

1. ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ።
2. ከመግባቱ በፊት ያንን ያልሸፈናችሁትን መስኮት ክፈቱ፤ በሩንም ገርበብ አድርጉ። ቡናው እስኪያልቅ ክፍት ይቆይ።
3. ሦስተኛው እንዳለቀ ማንደጃውን ወዲያው አውጡ። በዐመድ ማዳፈን ማጥፋት አይደለም፤ የተዳፈነ ፍም ጋዙን አያቆምም።
4. ዕጣኑም ከዚያው ጋር ይውጣ።

ቡታጋዝም እንዲሁ ነው። ማታ ለሙቀት ተብሎ አይለኮስም።

በቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው፣ ካቅለሸለሻቸው ወይም አቅም ካነሳቸው «ምች ነው» አትበሉ። በሩን ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ ደውሉ። የእሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ለማውጣት ስትገቡ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በሩንና መስኮቱን እየከፈታችሁ ግቡ። ሻል ያለው ሰው እንኳ ሐኪም ይየው።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካላችሁና ሕመምተኛ ወይም አራስ ቤት ውስጥ ካለ ተጠቀሙበት። 2000 ዋት የሆነው በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ በማከፋፈያ አይሰካም፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። ምጣድ በሥራ ላይ እያለ አይበራም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሶኬቱን ዳብሱ፤ ከሞቀ ንቀሉት። ሽቦው የሚታየው ስቶቭ ለማሞቂያ የተሠራ አይደለም፤ ማታ የወደቀ ጋቢ ይበቃዋል።

እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ከሆነና ማድ ቤቱ ከቤቱ ጋር ከተያያዘ፣ መጋገሩን ወደ ምሽት አድርጉት። እንፋሎቱ በማድ ቤቱ መስኮት ይውጣ። ምጣዱ ከጠፋ በኋላ መስኮቱን ዘግታችሁ የመሐል በሩን ክፈቱ። የምጣዱ ሙቀት ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ደግሞም ተከፍሎበታል።

ደረጃ 10፦ መልሳችሁ ፈትኑ

ሥራው ካለቀ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሌሊት ሰንደሉን እንደገና ይዛችሁ ዙሩ። አንድ ቀዳዳ ሲዘጋ ነፋሱ በሌላው ይበረታል፤ ያላያችሁት አዲስ ቦታ ታገኛላችሁ። የሶኬት ቀዳዳ፣ የቴሌቪዥን ገመድ የገባበት፣ የተረሳ የምድጃ ጭስ ማውጫ። የሶኬቱን ነገር ራሳችሁ አትጠቅጥቁ።

የትኩሳት መለኪያ የክፍል ሙቀት አያነብም፤ ዝቅተኛው ቁጥሩ 35 አካባቢ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ርካሽ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ከአልጋው ራስጌ አንጠልጥሉት። ካላገኛችሁ ጠዋት ሲነሡ አፍንጫችሁን ንኩ።

ሁሉንም ዘግታችሁ ጠዋት ክፍሉ የታፈነ ሽታ ካለው ወይም መስኮቱ ውሃ ካወረደ አበዛችሁት። ያልተሸፈነውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ገርበብ አድርጋችሁ ተኙ። ሙቀቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

የካቲት ሲያልቅ ላስቲኩን ከመስኮቱ አውርዱ። አጥባችሁ አድርቁ፣ ጠቅልሉና የየትኛው መስኮት እንደሆነ ጻፉበት። አይጥ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ቆርኪዎቹን አትጣሉ።